የሚወልቅ ጥርስና የማዕድ አንድነት

በሀገራችን ልማድ ማዕድ ሆድ መሙያ ብቻ አይደለም። በአንድ መሶብ ዙሪያ የተሰበሰቡ ቤተ ሰቦች ከእንጀራው ጋር ፍቅርን ይቈርሳሉ፤ ጕርሻም የሚሰጠው መዋደድን ለመግለጽ ነው። ስለዚህ ከቤተ ሰቡ አንዱ ከማዕድ ሲርቅ፥ ከምግቡ ብቻ ሳይሆን ከጨዋታውም፥ ከምርቃቱም፥ ከመከባበሩም እንደ ራቀ ማስተዋል ይገባል። ከማዕድ የሚያርቁ ምክንያቶች ብዙዎች ናቸው፤ ኀዘን አለ፥ ጠብ አለ፥ ደዌም አለ። ከእነዚህ ሁሉ ድምፅ የሌለውና ጐረቤት የማያውቀው ምክንያት ግን የጥርስ መጕደል ነው።

ስለዚህ ነገር ለመጻፍ ያነሣሣን በዱከም በሚገኘው ቤታችን ያየነው ነው። የምንጽፈው ስለ እናታችን ሲሆን እርሳቸውም «ለሰው የሚጠቅም ከሆነ ጻፉት» ብለው ፈቅደውልናል። ዱከም ከአዲስ አበባ ወደ ቢሾፍቱና ወደ አዳማ በሚወስደው በቀድሞው መንገድ ላይ፥ ከዋና ከተማዪቱ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። መንገደኛ የሚያውቃት ይልቁንም በጥሬ ሥጋዋ ነው፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ ከተሰለፉት ሥጋ ቤቶች ቍርጥ ለመብላት ብሎ ከአዲስ አበባ ድረስ የሚመጣው ሰው ጥቂት አይደለም። በእንዲህ ያለች ከተማ የሚኖር ጥርሰ ጐደሎ ሰው ጕድለቱ በየዕለቱ ይታወሰዋል።

እናታችን ዕድሜያቸው ከሰባ አልፏል። ከታች በቀኝም በግራም የኋላ መንጋጋ ጥርሶቻቸው፥ ከላይ ደግሞ ሁለት የፊት ጥርሶቻቸው በየጊዜው አንድ በአንድ ሄደዋል። ጥርሱ ሲሄድ ልማዳቸውም አብሮ ተለወጠ። መጀመሪያ ቆሎ መቈርጠም ተዉ፤ ቀጥሎም ዳቦውን በሻይ እያራሱ መብላት ጀመሩ፤ ከዚያ በኋላ በፍስኩ ሥጋውን፥ በጾሙ ጥሬውን ጐመንና ሰላጣውን ሁሉ እየገፉ፥ በሽሮ በራሰ እንጀራ ብቻ የሚኖሩ ሆኑ። ሲሥቁ የነጠላቸውን ጫፍ ወደ አፋቸው ያቀርባሉ። እንግዳ ሲመጣ «እናንተ ብሉ፥ እኔ ቀምሻለሁ» ይሉና ወደ ጓዳ ገብተው ብቻቸውን ይበላሉ። በየወሩ በ21 ቀን የሚጠጡትን የእመቤታችንን ማኅበር እንኳ «ወገቤን አመመኝ» እያሉ መቅረት አበዙ። የልጅ ልጃቸው አንድ ቀን «እማማ፥ ለምን ከእኛ ጋር አትበዪም?» ብላ ስትጠይቃቸው «እርጅና ነው ልጄ፥ ምን ይደረጋል» ብለው መለሱላት።

እርጅና መሆኑ ባይካድም መልሱ በዚያ ሊቆም አይገባም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2022 ዓ.ም. ባወጣው ግምት፥ በዓለም ላይ 60 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው ሰዎች መካከል ከመቶው 23ቱ ያህል ጥርሳቸውን በሙሉ ያጡ ናቸው። እንግዲህ ጥቂት ጥርስ የጐደለበትማ ከዚህ እጅግ ይበዛል ማለት ነው። ለዚህ ሁሉ ሕዝብ የተዘጋጀ፥ ዘመንም የፈተነው መፍትሔ አለ፤ ይኸውም በሐኪም ልክ ተሠርቶ ከቀሩት ጥርሶች ጋር የሚያያዝ፥ ሰውየው ራሱ የሚያወልቀውና የሚያጠልቀው ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው።

እናታችን ግን በቀላሉ እሺ አላሉም። የተቃወሙበትም ምክንያት ሦስት ነበር። አንደኛው «ከእንግዲህ ለመቃብር ጥርስ ምን ያደርግልኛል» የሚል ነው። ሁለተኛው «የሞተ ሰው ጥርስ አፌ ውስጥ አላስገባም» የሚል ሲሆን ሦስተኛው ደግሞ «በልጅ ልጆቼ ፊት ጥርሴን ሳወልቅ ልታይ ነውን?» የሚል የእፍረት ቃል ነበር።

ሁለተኛው ፍርሃታቸው ጨርሶ መሠረት የሌለው አልነበረም። በቀድሞው ዘመን በአውሮፓ ሰው ሠራሽ ጥርስ ከጕማሬና ከዝሆን ጥርስ ይቀረጽ ነበር፤ የእውነተኛ ሰው ጥርስም ይሰካበት ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1815 ዓ.ም. በዋተርሉ ጦር ሜዳ ከወደቁት ወታደሮች አፍ የተነቀለ ጥርስ ለዚህ ሥራ ተሽጧል። የአሜሪካ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን በ1789 ዓ.ም. መሐላ ሲፈጽሙ በአፋቸው የቀረው የራሳቸው ጥርስ አንድ ብቻ ነበር፤ የሚያጠልቁትም ጥርስ ከባድና የማይመች እንደ ነበር ይታወቃል። ይህ ሁሉ ግን አልፏል። ከ1930ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ድድ የሚመስለው ክፍል አክሪሊክ ከሚባል ቀላል ነገር ይሠራል፤ ጥርሱም ከዚያው ዓይነት ወይም ከሸክላ ይበጃል። የሰው አካል የሚባል ነገር የለበትም። ይህን በሰሙ ጊዜ እናታችን «እንዲህማ ከሆነ ልየው» አሉና ወደ አዲስ አበባ አብረናቸው ሄድን።

ሐኪሙ መጀመሪያ የመረመሩት የቀሩትን ጥርሶች ነበር። «እማማ፥ እኔ የምሠራው ለጠፋው ጥርስ ብቻ አይደለም፤ ለቀረውም ነው» አሏቸው። ነገሩንም እንዲህ ሲሉ አስረዱን፤ አንድ ጥርስ ከሄደ በኋላ ጐረቤቶቹ ወደ ክፍቱ ቦታ ያዘነብላሉ፤ ከፊት ለፊቱ ያለውም የሚገጥመው ስለሚያጣ ከቦታው እየወጣ ወደ ክፍተቱ ይረዝማል። በዚያም ምግብ ይሸጐጣል፥ ድድ ይቈስላል፥ ጥርስም ይበሰብሳል። ሰውየውም በአንድ ወገን ብቻ ሲያኝክ ሸክሙ ሁሉ በጥቂቶቹ ላይ ያርፋልና እነርሱም ተራቸውን ይነቃነቃሉ። እንዲህ እያለ አንዱ ጕድለት ሌላውን ይወልዳል።

መፍትሔውም አንድ ብቻ እንዳልሆነ ገለጹልን። በግራና በቀኝ ጤነኛ ጥርስ ያለው ሰው ሁለቱ ተሞርደው በላያቸው የማይወልቅ ድልድይ ሊሠራለት ይችላል። እንደዚሁም ስዊድናዊው ሐኪም ብሮኔማርክ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1965 ዓ.ም. በሰው ላይ በጀመሩት ጥበብ፥ ቲታኒየም የሚባል ብረት በመንጋጋ አጥንት ውስጥ ተተክሎ ጥርስ ሊቆምበት ይቻላል። ለእናታችን ግን ድልድዩ አልሆነላቸውም፤ ከታች ከኋላ በኩል የሚደገፍበት ጥርስ የለምና። ተከላውም ቀዶ ሕክምናና የብዙ ወራት ትዕግሥት፥ ከሁሉም የበለጠ ገንዘብ የሚጠይቅ ነው። ተነቃዩ ጥርስ ከሦስቱ በዋጋ የሚቀለው ነው፤ አጥንት አይበሳም፥ ጤነኛውን ጥርስ ያን ያህል አይሞርድም፤ ደግሞም ወደ ፊት ሌላ ጥርስ ቢወድቅ በዚያው ላይ ሊጨመር ይችላል። ዓይነቱም ልዩ ልዩ ነው፤ በሽቦ መያዣ የሚያዝ አክሪሊክ አለ፤ ቀጭንና ጠንካራ የሆነ፥ ዋጋው ግን ከፍ ያለ ከብረት የተሠራ አለ፤ የሚተጣጠፍ ናይለንም አለ። የትኛው ለማን እንደሚስማማ የሚወስነው የአፉ ሁኔታ ነው።

ሥራው በአንድ ቀን አላለቀም። አስቀድሞ በጥርሶቹ ሥር የደነደነው ቆሻሻ ተጠረገ፤ አንድ የማይድን ጥርስ ተነቀለና ድዱ እስኪጠግግ ተጠበቀ። ከዚያም ሊጥ በሚመስል ነገር የአፋቸው ልክ ተወሰደ፤ የላይና የታች አገጣጠማቸው በሰም ተለካ፤ በሰሙ ላይ የተደረደረውም ጥርስ ሳይጠነክር ተሞከረ። የጥርሱ ቀለም በሚመረጥበት ጊዜ ሐኪሙ የናሙና መደርደሪያ አቀረቡላቸው። እናታችንም «ነጩን አታድርጉብኝ፤ ሰው አይቶ ሌላ ሴት ናት እንዳይል» ብለው ከራሳቸው ጥርስ ጋር የሚመሳሰለውን አመረጡ። ድዳቸው እንደ ሀገራችን ወግ በልጅነታቸው የተነቀሰ ስለ ሆነ፥ ሐምራዊው የሰው ሠራሽ ድድ ከጥቍሩ ጋር እንዳይጋጭ ከፊት በኩል ዝቅ ብሎ እንዲሠራ ጠየቁ፤ ሐኪሙም በተቻለ መጠን አደረጉላቸው። ከስምጥ ሸለቆ ውሃ ፍሎራይድ የተነሣ ጥርሳቸው የወየበባቸው የወንጂና የመተሐራ ልጆችም እንዲሁ የራሳቸውን ቀለም የሚመስል ጥርስ ሊጠይቁ ይችላሉ። ይህ ከንቱ ውዳሴ አይደለም፤ ሰው ራሱን የሚመስል ጥርስ ካላገኘ በሳጥን ያስቀምጠዋል እንጂ አያጠልቀውም።

ምቾትን በተመለከተ እውነቱን መናገር ይገባል። የመጀመሪያው ሳምንት ምቹ አልነበረም። አፋቸው የሞላ መሰላቸው፤ ምራቃቸው በዛ፤ «ሰ» እና «ፈ» የሚሉት ድምፆች እያፏጩ አስቸገሯቸው። ሐኪሙ ጮክ ብለው እንዲያነቡ መከሯቸው፤ እናታችንም ወትሮ በልባቸው የሚያደርሱትን ውዳሴ ማርያም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያደርሱ ጀመር፤ በዐሥር ቀን ውስጥም ምላሳቸው መንገዱን አገኘ። በታችኛው ድድ በግራ በኩል ግን አንድ ቦታ ቈሰለባቸው። «ወዲያ ጣሉልኝ፥ አልፈልገውም» ብለው በጨርቅ ጠቅልለው አስቀመጡት። ብዙ ሰው ነገሩን የሚተወው በዚህ ጊዜ ነው፤ በየቤቱ ሳጥን ውስጥ የቀረው ጥርስ አብዛኛው በዚህ ምክንያት የቀረ ይመስለናል። ደግነቱ ሐኪሙ አስቀድመው «ቢቈስል ሞረድ እንዳታነሡ፤ ከመምጣትዎ በፊት ጥቂት ጊዜ አጥልቀውት ቢቈዩ የሚነካበት ቦታ ይታየኛል» ብለው ነበርና እንደዚሁ አድርገን ወሰድናቸው። ሐኪሙ ጥቂት ፋቅ ቢያደርጉት ሕመሙ ጠፋ።

የአበላሉም ሥርዓት ቀስ በቀስ የሚማሩት ነው። በመጀመሪያ ለስላሳ ምግብ፥ ቀጥሎም በትንሹ የተቈረጠ ጠንከር ያለ ምግብ፤ ማኘክም በአንድ ወገን ሳይሆን በሁለቱም ወገን ነው። ዛሬ እናታችን እንጀራውን በጐመንም በምስርም፥ ዳቦውንም ሳያርሱ ይበላሉ፤ ሥጋ በቀጭኑ ከተከተፈ ያላምጣሉ። ሆኖም ሰው ሠራሽ ጥርስ የተፈጥሮውን ጥርስ ኀይል አያህልም። ቆሎ ሲቀርብ ዛሬም ዘግነው ለልጆቹ ያድላሉ እንጂ አይቈረጥሙም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ሕዝባችን «የሚወልቅ» የሚለውን ቃል እንደ ነውር ይቈጥረዋል። እኛ ግን ያየነው የዚህ ጥርስ ትልቁ በጎነት መውለቁ መሆኑን ነው። የማይወልቀውን ነገር ከሥሩ ለማጽዳት ልዩ መሣሪያና ብዙ ጥረት ያስፈልጋል። የሚወልቀው ግን በእጅ ተይዞ ከላይም ከታችም ይታጠባል፤ የተሸጐጠው ምግብ በዐይን ይታያል፤ የአፍ ውስጡም ባዶ ሆኖ ድዱና የቀሩት ጥርሶች ሁሉ በብሩሽ ይዳረሳሉ። መታጠብ የሚችለውን ሳያጥቡ ማጥለቅ ግን ከሌለው የባሰ ጉዳት ያመጣል፤ የሽቦው መያዣ ያረፈባቸው ጥርሶች ምግብ ይዘው ይበሰብሳሉና።

በቤታችን የተለመደው ሥርዓት ይህ ነው። ከምግብ በኋላ ጥርሱ ወልቆ በውሃ ይለቀለቃል። ማታ ከመኝታ በፊት ውሃ በተሞላ ሳፋ ላይ ወይም በተዘረጋ ፎጣ ላይ ተይዞ፥ ቢወድቅ እንዳይሰበር፥ በለስላሳ ብሩሽና በተራ ሳሙና ይታሻል። የጥርስ ሳሙናው አክሪሊኩን ስለሚጭር ለተፈጥሮው ጥርስ ብቻ ይሁን። መፋቂያ የለመዱ እናቶች ወይራቸውን ወይም ክትክታቸውን መተው አያስፈልጋቸውም፤ ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙናና ብሩሽ ግን ይጨምሩበት፤ ይልቁንም ሽቦው የሚነካቸውን ጥርሶች አጥብቀው ይጥረጉ። ድዱንና ምላሱንም በለስላሳ ብሩሽ ማሸት መልካም ነው።

ሌሊቱን ጥርሱ ከአፍ ወጥቶ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት፥ ክዳን ባለው ኩባያ ውስጥ ያድራል፤ ቢደርቅ ቅርፁ ይለወጣልና። ድድም እንደ ሰው ዕረፍት ያስፈልገዋል። ሌሊቱን ሁሉ የተሸፈነ ድድ በፈንገስ ይቀላል፥ ይቈጣልም። ከዚህም የሚብስ አለ፤ በጃፓን ሀገር 85 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው 524 ሰዎች ለሦስት ዓመታት ያህል ተከታትለው ሲጠኑ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2015 ዓ.ም. የታተመው ውጤት ጥርሳቸውን አጥልቀው የሚተኙት በሳንባ ምች የመያዛቸው ነገር ከሌሎቹ እጥፍ ያህል ሆኖ መገኘቱን አስረድቷል።

መከልከል የሚገባውንም እንናገር። በፈላ ውሃ አይታጠብም፤ ይጣመማልና። ሽቦ ወይም ብረት ያለበት ጥርስ በበረኪና አይዘፈዘፍም፤ ብረቱ ይበላልና። በአመድ ወይም በከሰል አይታሽም፤ በተጫረው ቦታ ቆሻሻ ይሰበሰባልና። ሲያጠልቁት በጣት ቀስ ብሎ ይገባል እንጂ በጥርስ ተነክሶ አይገባም። ቢሰበር በቤት ሙጫ አይጣበቅም፤ የተሰበረ ወይም የላላ ትንሽ ጥርስ ሊዋጥ፥ ወደ ሳንባም ሊገባ ስለሚችል ወዲያው ወደ ሐኪም ይወሰድ። በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቈዩ ሰዎች ጥርሱን አውልቀው በእጃቸው ሊያጥቡት ስለሚችሉ ውሃ ወደ ጕሮሮ ያልፍብናል ብለው አይጨነቁ፤ ሥጋ ወደሙ ለመቀበል ሲዘጋጁ ግን ስለ ሥርዓቱ የንስሐ አባታቸውን ይጠይቁ።

ያ ሦስተኛው የእናታችን ፍርሃት፥ በሕፃናት ፊት የማፈሩ ነገር፥ የተወገደው በራሳቸው ብልሃት ነው። ትንሿ የልጅ ልጃቸው ኩባያውን አይታ በደነገጠች ጊዜ አቅፈዋት «ይህ የእማማ ሁለተኛ ጥርስ ነው፤ እኔ የመጀመሪያውን ስላልጠረግሁት ሄደብኝ፤ አንቺ የራስሽን ጥረጊ» አሏት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ አያትና ልጅ ጐን ለጐን ቆመው፥ አንዷ በእጇ ያለውን፥ ሌላዪቱ በአፏ ያለውን ይቦርሻሉ። እናታችን የ21 ቀን ማኅበራቸውንም ጀምረዋል፤ «ወገቤ ተሻለኝ» ይላሉ፤ እኛም ዝም ብለን እንሰማለን።

የመንጋጋ አጥንት ጥርስ በሌለበት ቦታ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየሟሸሸ ስለሚሄድ፥ ዛሬ ልክ የሆነው ጥርስ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሊላላ ይችላል። ያን ጊዜ ውስጡ እንደ ገና ይሞላል፥ ወይም አዲስ ይሠራል። ስለዚህ ሕመም ባይኖርም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ለሐኪም ማሳየት ያስፈልጋል፤ ሐኪሙም የቀሩትን ጥርሶች አብሮ ያያል።

የጃፓን ሕዝብ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ «በ80 ዓመት 20 ጥርስ» የሚል ዘመቻ አቋቁሞ ሕፃኑንም ሽማግሌውንም ያስተምራል። እኛም ልጆቻችንን ከዛሬ ጀምረን ብናስለምድ በኋለኛው ዘመን ሰው ሠራሽ የሚሻው ሰው ይቀንሳል። ጥርሳቸው አስቀድሞ የሄደባቸው እናቶችና አባቶች ግን ዛሬ በየቤታችን አሉ። ስለዚህ የተወደዳችሁ አንባብያን፥ እናታችሁ ወይም አባታችሁ ሳህናቸውን ይዘው ወደ ጓዳ ሲያዘወትሩ፥ ሲሥቁ አፋቸውን ሲሸፍኑ፥ የሚወዱትን ምግብ ሲገፉ ብታዩ «እርጅና ነው» ሲሏችሁ አትቀበሏቸው። በአክብሮት ጠይቋቸው፤ የቀረላቸውን ጥርስ ሐኪም ይይላቸው፤ ለበዓል ልብስ እንደምታዋጡ ለጥርሱም ወንድምና እኅት ሆናችሁ አዋጡ። ያሳደጉን ወላጆች ከእኛ ጋር በአንድ መሶብ መቀመጥ ይገባቸዋል።